መሬት ያልሰረጎደለት መድፍ

ሻምበል ጎሳዬ ለሁለተኛ ጊዜ ከቤት ወጥተው የጠፉት በየካቲት በረዶ፣ በነጠላ ጫማ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ካለው የልጃቸው ቤት ተነሥተው ብሮድ ስትሪት ድረስ በእግራቸው ሄዱና አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ፖሊስ አገኛቸው። ሚስታቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ የከተቱት ስልክ ቁጥር ባይኖር ኖሮ የማን ናቸው ይባል ነበር?

ወይዘሮ ሙሉወርቅ በር ላይ ሲቀበሏቸው፣ "ተረኛ ነኝ እኮ ሙሉ! ለምንድነው የሚመልሱኝ?" ብለው ተቆጡ። የእግራቸው ጣቶች እንደ ሻማ ነጥተዋል። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርበው፣ የሚያማቸውን ጉልበት ረስተው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ሲያሹላቸው አረፈዱ።

ከዚያ በኋላ ያላደረጉት ነገር የለም። በሩ ላይ ቃጭል አንጠለጠሉ። ስልክ ቁጥሩን ከኪስ አውጥተው ኮቱ ገበር ላይ ሰፉት። ጫማውን ደበቁ፤ "ባዶ እግሩን የወጣ እንደሆነስ?" ብለው ደግሞ መልሰው አወጡት። ሻወር የሚወስዱት በሩን ገርበብ አድርገው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጡ ከስብከቱ ይልቅ የሚያዳምጡት አጠገባቸው ያለውን የባላቸውን ትንፋሽ ነው።

ልጃቸው አይናለም ግን ደክሟታል። ሆስፒታል ውስጥ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጥ ውላ ስትገባ የራሷ ሽማግሌ ይጠብቃታል። ባሏ አብርሃም ትራክ ስለሚነዳ በወር ሁለቴ ቢታይ ነው። አንድ ሰኞ ከሥራ ገብታ፣ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ፣

"እማዬ፣ ቦታ ተገኝቷል" አለች።

"የምን ቦታ?"

"የምን እንደሆነማ ታውቂዋለሽ። ሂሊያርድ ያለው ነርሲንግ ሆም፣ የሽማግሌዎቹ መጦሪያ ነዋ። እስከ ዐርብ መልስ ካልሰጠን ለሌላ ሰው ያልፋል። ስንት ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው።"

"እኔ ቁጭ ብዬ?"

"አንቺ ቁጭ ብለሽ ነው እኮ ሁለቴ የወጣው።"

አይናለም ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች። "እማዬ፣ እንደዚያ ለማለት አይደለም…"

"ብለሻል። ይሁን።"

ወረቀቱ ያለ ሚስት ፊርማ አይሄድም። ወይዘሮ ሙሉወርቅ በዚህ አገር የእኔ የሚሉት ሥልጣን ቢኖራቸው ይህች ፊርማ ብቻ ናትና ጨብጠው ያዟት። "አእምሮው ሙሉ ነው" ይላሉ። "የሚረሳው አዲስ አዲሱን ነው። የዚህን አገር ነገር ማን ያስታውሰዋል? እኔስ ብሆን ዚፕ ኮዴን አውቀዋለሁ? የድሮውን ደግሞ እሱ ቢረሳ እኔ አልረሳም። ከጦር ሜዳ የጻፈልኝን ደብዳቤ ሁሉ በቃሌ ልውጣላችሁ? እሱ የጣለውን እኔ እያነሣሁለት ነው የምንኖረው።"

"ደብዳቤው በር አይዘጋልሽም፣ እማዬ" ትላለች አይናለም።

ፎቶው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ሕንፃውን የገዛው ምእመናኑ አርጅተው ካለቁበት ከአንድ የአሜሪካኖች ጉባኤ ነበር። ወጣቶቹ ምድር ቤቱን ሲያጸዱ ከማሞቂያው ጀርባ አቧራ የጠጣ ትልቅ ፎቶ ከነፍሬሙ አገኙ። የአይናለም ልጅ ኤልዳና ኮሌጅ ገብታ ታሪክ ስለምትማር "አንቺው ተመራመሪበት" ተብሎ ለእሷ ተሰጠ። ዕድሜው ከመቶ ስድሳ ዓመት ያላነሰ፣ አሜሪካኖች እርስ በርስ የተዋጉበት ዘመን ፎቶ ነው። የአፈር ክምር ተሠርቶ ከጀርባው አምስት ትልልቅ መድፎች በእንጨት ጎማ ላይ ተደርድረዋል፤ ጢማቸውን ያሳደጉ ወታደሮች አጠገባቸው ቆመዋል፤ አንዱ እንዲያውም እንደ በቅሎ መድፉ ላይ ተፈናጦ ይስቃል።

ኤልዳና ኢንተርኔት ላይ ለቃው ስለነበር የማያውቃት ሰው ሁሉ ምላሽ ሰጥቷል። አንዱ ስለ መድፍ ብዙ አውቃለሁ የሚል ሰው "አምስት ከባድ የምሽግ መድፎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት" ብሎ ደመደመ። ከዚያ ለሙዚየም ሰዎችም ላከችው። እነሱ ግን "ጊዜ ይወስዳል" አሏት።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ዘለለ። ከሰኞ ጀምረው ሲፈልጉት የነበረው ነገር በገዛ እግሩ ቤት ድረስ መጣላቸው።

"በመድፍ ጠይቁት!" አሉ። "ሃያ ሁለት ዓመት መድፈኛ የነበረ ሰው ነው። ስንቱን ምልምል አስተምሯል። የጎረቤት ስም ምን ያደርግለታል? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው እያላችሁ ታስጨንቁታላችሁ። በሚያውቀው ጠይቁትና እዩት!"

"እሺ፣ ቢስትስ?" አለች አይናለም።

"መድፍ ከሳተማ…" ወይዘሮ ሙሉወርቅ ትንሽ አሰቡ። ቢያስቡም ሊስት ይችላል የሚል ነገር አልመጣላቸውም። "መድፍ ከሳተ እኔ ራሴ እፈርማለሁ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎቶው ተዘረጋ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ብዙነህም ፎቶው ከምን እንደደረሰ ለማየት ጎራ ብለው ነበርና አብረው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ባላቸውን ጢማቸውን ላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ አልብሰው፣ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው እንደ ሙሽራ አቀረቧቸው። ምስክር መኖሩን እንዲያውም ወደውት ነበር።

ሻምበል ፎቶውን እንዳዩ ጀርባቸው ቀና አለ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ያችን መቃናት ያውቋታል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን አላዩዋትም። ሰውየው መጣ አሉ በልባቸው። ተመስገን፣ መጣልኝ።

"አባባ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለች ኤልዳና።

ሻምበል መዳፋቸውን ዘርግተው መድፎቹን በሙሉ ሸፈኗቸው። ከመዳፋቸው በታች የቀረው መሬቱና የጎማዎቹ እግር ብቻ ነው። እጃቸውን ቀስ እያደረጉ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተቱ።

አይናለምና ኤልዳና ተያዩ። ሻምበል ሰሞኑን ሳህናቸውንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ የሰው ፊትንም በመዳፍ የመሸፈን ልማድ አምጥተው ነበር።

"እጅህን አንሣና እያቸው እንጂ ጎሳዬ" አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ።

"እያየሁ ነው።" በጣታቸው በግራ በኩል ያሉትን ሁለቱን ነኩ። "እነዚህ ከባድ ናቸው። ሠላሳ ኩንታል አይጠፋቸውም። ለምሽግ ማፍረሻ ነው።" ቀጥለው ወደ ሦስቱ ዞሩና ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄ ግንድ ነው።"

"ምን አልክ?"

"ግንድ። ይሄም ግንድ። ይሄኛውም ማገዶ ነው።"

ጋሽ ብዙነህ ለማሳቅ ብለው፣ ክፋት ሳይኖራቸው፣ "ሻምበል፣ ግንድ ከሆነማ ምን አለ አውርደን ለቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ብናደርገው!" አሉ።

"ተነሥ!" ብለው ሻምበል ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። "ማነው ይህን ያሰለፈው? እንዲህ ተደርጎ ይሰለፋል? ጠላት አይስቅብንም? አሁኑኑ ይታሰር!"

ጋሽ ብዙነህ ብድግ አሉ። ኤልዳና ኮካ የተቀዳበትን ብርጭቆ አሸሸች። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ኀፍረቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ ፊታቸው ላይ ወጣ። ወደ ባላቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ሕፃን ልጅ እያባበሉ፣

"ተው ጎሳዬ፣ እንግዳ ፊት… መድፍ ነው። አምስቱም መድፍ ናቸው። ኢንተርኔቱም ብሏል። መድፍ በል" አሉ።

"ግንድ ነው።"

"ስለ ጌታ ብዬ ለመንኩህ። አንድ ጊዜ ብቻ መድፍ በልና ተወው።"

ሻምበል ሚስታቸውን አዩ። በዚያች ቅጽበት ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር፤ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ይህን በኋላ አንድ በአንድ ያስታውሱታል።

"እኔ ግንዱን መድፍ ነው ብዬ አልፈርምም፣ ሙሉ" አሉ። ከዚያ ወደ ኤልዳና ዞረው፣ ከሞተች አርባ ዓመት በሆናት እህታቸው ስም፣ "ገነት፣ ውሃ አምጪልኝ" አሏት።

ጋሽ ብዙነህ በሩ ላይ ሲሰናበቱ "እንጸልያለን፣ እትዬ" ብለው የወይዘሮ ሙሉወርቅን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ያ አያያዝ ለቅሶ ቤት የሚያዝ አያያዝ ነበር።

ዐርብ ጠዋት አይናለም ወረቀቱን አመጣች። አልገፋፋቻቸውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ወይዘሮ ሙሉወርቅ አራተኛ ክፍል ድረስ በተማሩት የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ ፊደል፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ቃል ቃል ነው ብለው። የራሳቸውን አፍ እየረገሙ።

ሻምበል የሄዱ ዕለት ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። የት እንደሚሄዱ ሲጠይቁ አይናለም "ምርመራ አለህ አባዬ" አለቻቸው። "ትመጫለሽ?" አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው። "እመጣለሁ" አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ። መጡም፤ አውቶቡሱን እየቀያየሩም፣ ልጆቹ ሲመቻቸው በመኪናም፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዱ ነበር። እዚያ የምትሠራ ፍርዶስ የምትባል የአገር ልጅ መኖሯ ትንሽ አሳረፋቸው። በየጊዜው ግን ባላቸው ውስጥ አንድ ነገር ጎደለ። መጀመሪያ "መቼ ነው የምንሄደው?" ማለታቸውን ተዉ። ቀጥሎ መቆጣታቸው ቀረ።

አምስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ኤልዳና ከኮሌጅ ገብታ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ስትደነግጥ እንግሊዝኛ ይቀድማታል።

"እማማ… ኦህ ማይ ጋድ፣ እማማ።"

"ምን ሆንሽ? አያትሽ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ሙዚየሙ መልሶልኝ ነው።"

"ኤጭ! ልቤን እኮ አወረድሽው። ለፎቶ ነው እንዲህ የምትሆኚው?"

ኤልዳና ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀስ እያለች ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። በግራ ያሉት ሁለቱ፣ ይላል ደብዳቤው፣ የምሽግ ማፍረሻ ከባድ መድፎች ናቸው። በቀኝ ያሉት ሦስቱ ግን መድፍ አይደሉም። ጥቁር ቀለም የተቀቡ፣ አሮጌ የጋሪ ጎማ ላይ የተጫኑ ግንዶች ናቸው። ጠላት ከሩቅ ሲያይ እንዲፈራ ያኔ እንዲህ ይደረግ ነበር። ፎቶውን አጉልተን ስናየው የአንደኛው አፈሙዝ ላይ የእንጨት ጉጥ ይታያል። የእውነተኞቹ ጎማ መሬቱን ሰርጉዶ ገብቷል፤ የግንዶቹ ጎማ ግን መሬቱን አልነካውም ማለት ይቻላል። እኛም በመጀመሪያ አይተን ስተነው ነበር።

"አባባ መሬቱን ነበር የሚያየው" አለች ኤልዳና። "እጁን እንዲህ አድርጎ… ናላው የዞረበት መስሎን… እኛ እኮ…" ማልቀስ ጀመረች።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ አላለቀሱም። የያዙትን ቢላዋ ሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጡ። ከሩቅ፣ ከአርባ ምናምን ዓመት ወዲያ፣ አንድ ደብዳቤ መጣላቸው፤ ቃል በቃል።

ሙሉዬ፣ ዛሬ ስድስት የዘንባባ ግንድ ጥላሸት ቀብተን አሰለፍን። መድፍ ሲያልቅብን ምን እናድርግ ብለሽ ነው። አለቃችን ግንዱን አሳምረን እንድንቀባ ነገረን፤ እኔ ግን ቀለሙን ተዉት፣ ጎማው ሥር ቆፍሩ አልኳቸው። የሚያውቅ ሰው መሬቱን ነው የሚያየው። መሬት ካልሰረጎደለት መድፍ አይደለም። አውሮፕላኑ መጥቶ ግንዳችንን ደብድቦልን ሄደ። ሳቂልኝ።

ስቀውም ነበር። ያኔ አይናለምን እያጠቡ ለእናታቸው ጮክ ብለው አንብበውላቸው፣ እናትና ልጅ አብረው ስቀዋል። በቃሌ እወጣዋለሁ ያሉት ደብዳቤ ይኸው ነው። ባላቸው መዳፋቸውን ዘርግተው መሬቱን ሲያዩ እዚያው ጎናቸው ተቀምጠው ነበር። እና ምን አሏቸው? መድፍ በል።

"የረሳሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እሱ አልረሳም። የረሳሁት እኔ ነኝ።"

አይናለም ማምሻውን ስትገባ ቆመው ጠበቋት። "አባትሽን አምጪው" አሏት። "ልክ ነበር። በቃሌ ቆሜ ፈርሜያለሁ፤ ቃሉ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ፊርማዬን ይመልሱልኝ።"

አይናለም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ዕድሜዋ ጨመረ።

"እማዬ፣ ግንዱ ልክ ነው። እሺ። ቤቱንስ ያውቀዋል? ኤልዳናን እኮ ገነት ነው ያላት። በበረዶ የወጣው ልክ ስላልሆነ አይደለም፤ ተረኛ ነኝ ብሎ ነው። መልሰን ብናመጣው ነገ ይወጣል። ለመድፉ ብዬ አይደለም እኮ እኔ የወሰድኩት።"

"እኔ ግን ለመድፉ ብዬ ነው የሰጠሁት" አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ።

አይናለም ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስትፈታ ቆየች።

ቅዳሜ ኤልዳና ፎቶውን አጉልታ አሳትማው፣ አያቷን ይዛ ወደ ሂሊያርድ ነዳች። መንገዱን ሙሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ የሚሉትን ሲያዘጋጁ ነበር። ይቅርታ እላለሁ። ከዚያ ግንድ መሆኑን እነግረዋለሁ። ከዚያ ይቆጣኛል። ይቆጣኝ፤ ጠረጴዛም ይምታ። አንዴ ይቆጣኝና አሳያቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም እዚህ ሊያስቀረው አይችልም።

ፍርዶስ ኮሪደሩ ላይ እየሳቀች ተቀበለቻቸው። "እትዬ፣ እንደ ጋሼ ያለ ሰው የለንም። ምንም አያስቸግሩም። ያሏቸውን ሁሉ እሺ ነው።"

እንደ መልካም ዜና ነው የነገረቻቸው። ጎሳዬና እሺ! በአርባ ስምንት ዓመት ትዳር እሺ ያሏቸው ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ለአለቆቻቸውም እሺ ባለማለታቸው ነበር ሻምበል እንደሆኑ የቀሩት።

ሻምበል መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው በማያበጥሩት በኩል ተበጥሯል። ወይዘሮ ሙሉወርቅ መጀመሪያ እሱን በጣታቸው መለሱት። ከዚያ ፎቶውን ጭናቸው ላይ ዘረጉላቸው።

"ጎሳዬ፣ እነዚህን አየሃቸው? ምን ብለህ ነበር?"

ሻምበል ፎቶውን አዩ፤ ከዚያ የሚስታቸውን ፊት አዩ። ከፊታቸው አንድ ነገር እየፈለጉ ቆዩ።

"መድፍ ነው" አሉ በለሆሳስ።

"አይደለም! ግንድ ነው። አንተ ነህ ያልከው። እኔ ነኝ መድፍ በል ያልኩህ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግንድ ነው።"

"እሺ። ግንድ ነው።"

"እሺ አትበለኝ! መሬቱን እየው። እጅህን እንዲህ አድርግ።" የባላቸውን መዳፍ አንሥተው መድፎቹ ላይ ጫኑት። መዳፉ በተጫነበት ተኛ። ጎትተው ወደ ቀኝ ሲወስዱት አብሮ ሄደ። "ጎማውን ታየዋለህ? ቆፍሩ ብለህ አልነበር? ተቆጣኝ እንጂ ጎሳዬ። ይታሰር በል። እኔን እሰረኝ።"

"እሺ" አሉ ሻምበል፣ ለማስደሰት ፈገግ ብለው።

ኤልዳና ወደ መስኮቱ ዞረች። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ጣታቸውን በስተግራ መጨረሻ ላይ፣ በእውነተኛው መድፍ ላይ አሳረፉ። ጎማው እስከ ግማሽ ጠርዙ መሬት ውስጥ ገብቷል።

"ይሄስ? ይሄንስ ምን ትለዋለህ?"

ሻምበል ፎቶውን አላዩም። የሚስታቸውን አፍ ነበር የሚያዩት፤ ምን ቢሉ ያ አፍ መንቀጥቀጡን እንደሚተው እየገመቱ።

"ግንድ" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ እንደ ምልምል፣ "ልክ ነኝ?"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ፎቶውን በጀርባው ገለበጡት። የባላቸውን የአንገት ቁልፍ ቆለፉ፣ ኮሌታቸውን አቃኑ፣ ምንም የሌለበትን ትከሻቸውን አራገፉ።

"ልክ ነህ" አሉ። "አንተ ደግሞ መቼ ተሳስተህ ታውቃለህ።"

ፍርዶስ የብርቱካን ጭማቂ በፕላስቲክ ብርጭቆ ይዛ ገባች። "ጋሼ፣ እንጠጣ?"

"እሺ" አሉ ሻምበል።